ሀዋኒ ይቅርታ አልጠየቀችም

ከሥራዬ ሁሉ የምጠላው የዲሲፕሊን ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ መጻፍን ነው። ሮቤ ካሉት ኮሌጆች በአንዱ ሬጅስትራር ክፍል ስሠራ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ጽሕፈቴ ይነበባል ተብሎ ነው መሰለኝ፣ ኮሚቴ በተቋቋመ ቁጥር ጸሐፊ የምደረገው እኔ አዜብ ነኝ። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሰው እንዴት እንደሚያንስ አይቻለሁ። ክፍል ውስጥ እንደ አንበሳ የሚያገሳው መምህር ድምፁ ይሰልላል። በር ላይ ሁሉን የሚያስቀው ጥበቃ ኮፍያውን በእጁ ሲጠመዝዝ ይውላል። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ እንደገባች ሆና የወጣች አንድ ሰው ብቻ አውቃለሁ፤ የኔትወርክ ሠራተኛችን ሀዋኒ ደራራ ናት።

ሀዋኒ የጎባ ልጅ ናት። ቤታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ሰነቴ አምባ በሚያወጣው መንገድ ዳር ነው። አባቷ ገብስ ያርሳሉ። እናቷ ጤቤ ደግሞ ዝም ማለት የማይሆንላቸው ሴት ናቸው። ሀዋኒ ዘጠነኛ ክፍል ሳለች ትምህርት ቤቷ ውስጥ በላስቲክ የተሸፈኑ አራት ኮምፒውተሮች ነበሩ። እንዳይበላሹ ተብሎ ማንም አይነካቸውም፤ ትምህርቱ የሚሰጠው በጥቁር ሰሌዳ ላይ ኮምፒውተር እየተሳለ ነበር። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ላስቲኩን ገፍፋ አንዱን ከፈተችው። ያዟትና ወላጅ አምጪ ተባለች። ጤቤ ከገበያ በቀጥታ መጡና ርዕሰ መምህሩን ጠየቋቸው።

«ልጄ ሰረቀች?»

«አልሰረቀችም።»

«ሰበረች?»

«አልሰበረችም፤ ግን ነካች።»

«ለመነካት አይደል እንዴ የተገዛው?» አሉና ልጃቸውን ይዘው ወጡ። ሀዋኒ አንድ ሳምንት ከትምህርት ታገደች። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፤ ስትነግረኝም ትስቅ ነበር።

እኛ ኮሌጅ ስትቀጠር የሥራ መደቧ «የጥገና ሠራተኛ» ይላል። ያኔ ጥገና ይበቃ ነበር። ላብ የምንለው አንድ የኮምፒውተር ክፍል፣ ሃያ አራት ኮምፒውተር፣ ኬብሎቹን የምታገናኝ፣ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለች አንዲት ስዊች፤ ኔትወርካችን ይኸው ነበር። ከዚያ ለሬጅስትራር ኬብል ተሳበ። ፋይናንስ «እኛስ?» አለ፤ ከሬጅስትራር ተቀጥሎ ተሳበለት። ቤተ መጻሕፍቱ ከፋይናንስ ተቀጠለ። አዲሱ ሕንፃ ሲያልቅ ከቤተ መጻሕፍቱ በጣሪያ ላይ አልፎ ወደዚያ ሄደ። ዶርም ተሠራ፤ ላቡም ሦስት ሆነ። በመጨረሻ ተማሪው ሁሉ በኪሱ ስልክ ይዞ መጣ። ማንም ቁጭ ብሎ ያቀደው ነገር አልነበረም። የጎደለው ክፍል ይጮሃል፤ ሀዋኒ መሰላል ይዛ ትሄዳለች።

ከዚያ ኔትወርኩ ጠዋት ጠዋት መሞት ጀመረ። ሁለት ሰዓት ላይ ሥራ እንጀምራለን፤ ሦስት ሰዓት ሲሆን ግማሾቻችን ስክሪን ላይ አፍጥጠን እንቀራለን። በምዝገባ ሳምንት ተማሪው በመስኮቴ ፊት እስከ በር ድረስ ተሰልፎ እኔን ይሰድባል፤ እኔ ሀዋኒን እጠራለሁ።

«ምንድን ነው ችግሩ? በሚገባኝ ቋንቋ ንገሪኝ» አልኳት አንድ ቀን።

የጎባ ሰው እንደለመደው ኦሮምኛና አማርኛ እያቀላቀለች አስረዳችኝ። «አቦ፣ አዜብ፣ እንዲህ ነው። ኮምፒውተርም ሆነ ስልክ ኔትወርክ ውስጥ ሲገባ አንድ የአድራሻ ቁጥር ይሰጠዋል። ድሮ ለሃያ አራት ኮምፒውተር ስናዘጋጀው ሁለት መቶ ሃምሳ አራት ቁጥር በቂና ትርፍ ነበር። ዛሬ ጠዋት ግቢው ውስጥ ከስድስት መቶ በላይ ማሽን ቆጥሬያለሁ። ቀድሞ የመጣ ይይዛል፣ የዘገየ ውጭ ይቀራል። አንቺ ሁለት ሰዓት ከሩብ ስትገቢ ቁጥርሽን አንድ ተማሪ አልጋው ላይ ተኝቶ ይዞታል።»

«ታዲያ ቁጥሩን ጨምሪዋ!»

«መጨመሩ ቀላል ነው። ግን ስድስት መቶ ሰው አንድ አዳራሽ ውስጥ አስገብተሽ ሁሉም በአንዴ ሲያወራ አስቢው። አንዱ ቢያብድ ሁሉም ይታመሳል። ግድግዳ ነው የሚያስፈልገው። ላቡ ለብቻው፣ ቢሮው ለብቻው፣ ዶርሙ ለብቻው።»

ሐሳቧን ለማስረዳት መጀመሪያ ያለውን ማወቅ ነበረባት፤ የትኛው ኬብል ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ ሰው ግን አልነበረም። ሦስት ወር ሙሉ ባለ አራት ማዕዘን መስመር ወረቀት ይዛ ግቢውን ዞረች። ጣሪያ ላይ ወጣች፣ ኮርኒስ ውስጥ ገባች፣ የርግብ ጎጆ አፈረሰች። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጋሽ ኪዳነማርያም መሰላል ይይዙላት ነበር። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። ካርታው ሲያልቅ ስምንት ወረቀት ተቀጣጥሎ የጠረጴዛዬን ግማሽ ሸፈነ። ለዲናችን ለዶክተር ኢዶሳ ወሰደችላቸው። አዩት፣ አደነቁ፣ «በሚቀጥለው በጀት ዓመት እንመለከተዋለን» አሉ።

ነገሩ የከረረው በአስተዳደር ምክትል ዲኑ በአቶ አያሌው ነው። አቶ አያሌው ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሁሉንም ነገር በትእዛዝ ማስተካከል የሚቻል የሚመስላቸው ሰው ናቸው። ቢሯቸው ዋይፋይ ደከመባቸውና ከአዲስ አበባ ሲመለሱ የራሳቸውን ትንሽ የዋይፋይ ሳጥን ገዝተው መጥተው በራሳቸው እጅ ግድግዳው ላይ ሰኩት። ሳጥኑ ግን ለእሳቸው ብቻ አልሠራም፤ ለመላው ግቢ የራሱን የተሳሳተ ቁጥር ማደል ጀመረ። የዕለቱ ምዝገባ ቆመ። ሀዋኒ ካርታዋንና ላፕቶፗን ይዛ ከሕንፃ ሕንፃ እየተከታተለች እኩለ ቀን ላይ ምክትል ዲኑ በር ደረሰች። እኔም ተከትያት ነበር፤ መስኮቴ ላይ ሁለት መቶ ተማሪ ትቼ።

አቶ አያሌው እንግዶች ይዘው ነበር። ሀዋኒ አንኳኩታ ገባች፣ ሰላምታ ሰጠች፣ በጠረጴዛው ጥግ ዞራ ሳጥኑን ነቀለችው።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ምዝገባውን ያቆመው ይኼ ነው፣ አቶ አያሌው። በኋላ በደንብ አስተካክዬ እሰካልዎታለሁ።»

«መልሰሽ ስኪው! የማን ቢሮ እንደገባሽ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው አንኳኩቼ የገባሁት» አለችና ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀምጣ ወጣች። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ምዝገባው ተመለሰ። በማግስቱ ሀዋኒ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ መጋዘን ተዛውራ መጽሐፍ እንድትመዘግብ ደብዳቤ ደረሳት። የኔትወርኩ ዋና ማሽኖች ያሉበት ሰርቨር ክፍል ተቆለፈ፤ ቁልፉ ለጋሽ ኪዳነማርያም ተሰጠ።

መጋዘን ውስጥ ሳለች ነው ሞሚና የመጣችባት። ሞሚና ከሼክ ሁሴን ከተማ የመጣች የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። የመውጫ ፈተናው ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ያን ፈተና በኮምፒውተር ተፈትኖ ያላለፈ ተማሪ ዲግሪውን አይወስድም። በዚያ ሳምንት የልምምድ ፈተና ተሰጥቶ ሦስት ሰዓት ሲሞላ የግማሹ ተፈታኝ ስክሪን ደርቆ ነበር። ሞሚና አንዷ ነበረች።

«እህቴ፣ የዋናው ቀንም እንዲህ ይሆናል?» አለቻት።

ሀዋኒ «አይሆንም» ልትላት እንደፈለገችና እንዳልቻለች ነገረችኝ። «ኢንሻአላህ ብዬ ልሸኛት ነበር፤ አፈርኩ። የሚበላሽበትን ምክንያት የማውቀው እኔ ነኛ!»

ለዶክተር ኢዶሳ ደብዳቤ ጻፈች። ላቦቹ ከዶርምና ከቢሮ ካልተለዩ ፈተናው አደጋ ላይ ነው የሚል ነበር። መልስ የለም። ሁለተኛ ጻፈች። ሦስተኛውን ይዛ ራሷ ገባች። ዲኑ በፈተናው ቀናት ተማሪው ስልክ እንዳይከፍት ማስታወቂያ እንደሚለጥፉ ነገሯት።

«ዶክተር፣ ማስታወቂያ ኬብል ውስጥ አይገባም።»

«ሀዋኒ፣ የሚሠራን ነገር በፈተና ዋዜማ አይነካም። ፈተናው ይለፍ፣ እንነጋገራለን። ደግሞ አንቺ አሁን ቤተ መጻሕፍት ነሽ።»

ፈተናው ሊገባ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ የተከመረብኝን የውጤት ወረቀት ልጨርስ ወደ ቢሮ ሄድኩ። የዲኑ በር ላይ በፕላስተር የተለጠፈ ወረቀት አየሁ። «ዛሬና ነገ የግቢውን ኔትወርክ በሦስት እከፍላለሁ። ሰኞ ጠዋት ችግር ያጋጠመው በዚህ ስልክ ይደውልልኝ። ሀዋኒ ደራራ» ይላል። ፊርማዋ አለበት፤ ቀኑም አለበት።

ሮጬ ሰርቨር ክፍል ሄድኩ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሀዋኒ ወለሉ ላይ ካርታዋን ዘርግታ ተንበርክካለች፤ ጋሽ ኪዳነማርያም ኬብሎቹ ላይ ቀይ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ፕላስተር ይጠመጥማሉ።

«ማል ታቴ?» አልኳት፤ ስደነግጥ ኦሮምኛ ይቀድመኛል። ምን ሆነሻል ማለቴ ነው።

«ምንም አልሆንኩ። ሥራዬን እየሠራሁ ነው።»

«ያባርሩሻል!»

«ያባርሩኝ።»

ወደ ጋሽ ኪዳነማርያም ዞርኩ። «ጋሼ፣ እርስዎስ? ጡረታዎ እኮ ደርሷል!»

ፕላስተሩን በጥርሳቸው ቆረጡ። «ቁልፉን የሰጡኝ በሩን እንድከፍትበት ነው» አሉ። ቀጣዩን ኬብል ያዙ።

ሀዋኒ ከተንበረከከችበት ቀና ብላ አየችኝ። «ከጠየቁሽ ያየሽውን ንገሪያቸው፣ አዜብ። እንዳትዋሺልኝ። ተደብቄ ብሠራ ኖሮ በራቸው ላይ አልለጥፍም ነበር።»

ሁለቱን ቀን ሙሉ ሠሩ። ፈራሁ፤ ግን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ምሳ ይዤላቸው ሄድኩ። ያን ያህል ነው የረዳኋቸው፤ ከዚያ በላይ ነው ብዬ አላወራም።

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሆነ። እጄን ኪቦርዱ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። ሦስት ሰዓት ከሩብ። ሦስት ተኩል። ምንም አልሆነም፤ ሥራዬን እየሠራሁ ነበር። ፋይናንስ ውስጥ ሁለት ኮምፒውተሮችና የአቶ አያሌው ማተሚያ ግን እስከ ስድስት ሰዓት አልሠሩም፤ ሀዋኒ አንድ መስመር ስታ ነበር። «ጥፋቴ ነው» አለችና አስተካከለችው። ለአቶ አያሌው ያ በቂ ነበር። ክሱ በዚያው ቀን ተጻፈ፤ ጉዳዩ ከፈተናው በኋላ እንዲታይ ተወሰነ።

ፈተናው አራት ቀን ወሰደ። በሁለተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ዶርም ውስጥ ተማሪዎች የአንድ ኬብል ሁለት ጫፍ እዚያው አንድ ስዊች ላይ ሰኩት። እንዲህ ሲደረግ መልእክቱ መውጫ አጥቶ ይሽከረከራል፤ አብሮ የተገናኘውን ሁሉ ያደነዝዛል። የዶርሙ ኔትወርክ ድርግም አለ። ተማሪዎች ስልካቸውን ወደ ላይ አንስተው በግቢው እየዞሩ ተቆጡ፤ ሁለት ሰዎች ለአቤቱታ ዲን ቢሮ ሄዱ። በዚያው ሰዓት ሦስቱም ላቦች ውስጥ ተፈታኞቹ አንገታቸውን ደፍተው ይሠሩ ነበር። አንድም ስክሪን አልደረቀም። ሞሚና ስትወጣ በመስኮቴ በኩል አልፋ፣ «አልሀምዱሊላህ፣ ጨረስኩ!» ብላኝ ሄደች።

ማንም ግን ልብ አላለም። ያልተበላሸ ነገር ዜና አይሆንም። እንዲያውም ኮሚቴው ሲቀመጥ በክሱ ላይ አራተኛ ነጥብ ተጨምሮ ነበር፤ «በፈተና ወቅት የዶርም ኔትወርክ እንዲቋረጥ ምክንያት ሆናለች» የሚል።

የኮሚቴው ሰብሳቢ መምህር ሀብታሙ ነበር። እኔ ጥግ ላይ ወረቀቴን ይዤ ተቀምጫለሁ። ሀዋኒ ገባች፣ ካርታዋን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፣ ሳትጠየቅ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ሀብታሙ ክሱን አነበበ። «ያለ ፈቃድ የኮሌጁን ኔትወርክ ቀይረሻል?»

«ቀይሬያለሁ።»

«ዲኑ አትንኪ ብለውሻል?»

«ብለውኛል።»

«የዶርሙን መቋረጥስ በተመለከተ?»

ጣቷን ካርታው ላይ አሳረፈች። «ዶርሙ ወደቀ። ላቡ ቆመ። ሳልከፍለው በፊት ቢሆን ኖሮ አብረው ነበር የሚወድቁት፤ ያኔ እናንተን የሚጠይቃችሁ ሦስት ላብ ሙሉ ተፈታኝ ነበር። አራተኛውን ነጥብ ክስ ብላችሁ ጻፋችሁት እንጂ ምስክሬ ነው።»

ሀብታሙ ጨዋ ሰው ነው፤ መውጫ ሊፈልግላት ሞከረ። «ስሚኝ እህቴ፤ ነገሩን ማክበድ አያስፈልግም። አጭር የይቅርታ ደብዳቤ ጻፊ። ተጸጽቻለሁ በይ። እዚሁ እንዘጋዋለን።»

«አልተጸጸትኩም።»

«ለወግ ያህል…»

«መምህር፣ ሦስት ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ሦስቱም ዲን ቢሮ አሉ፤ ማንም አልመለሰልኝም። አራተኛ ደብዳቤ አልጽፍም። ማተሚያውንና ሁለቱን ኮምፒውተሮች ስቻለሁ፤ ለእሱ አቶ አያሌውንም ፋይናንስንም በቃሌ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ለቀረው አልጠይቅም። ነገም እንዲህ ቢሆን ነገም አደርገዋለሁ። ጥፋተኛ ነሽ ካላችሁ ጻፉት።»

«እንግዲያው ወደ ነበረበት መልሺው ብንልሽስ?»

«ካርታው ይኸውላችሁ። የሚመልስ ሰው ካገኛችሁ ይመልሰው። የእኔ እጅ አይመልሰውም።»

ከወጣች በኋላ ሀብታሙ ወደ እኔ ዞሮ በዝግታ፣ «አዜብ፣ ‹ድርጊቷ ቅር እንዳሰኛት ገልጻለች› ብለሽ ብታለሳልሺው ለእሷም ይበጃታል» አለኝ። ለእሷ አስቦ እንደሆነ አውቃለሁ። እስክሪብቶውን አነሳሁ። ከዚያ ያለችውን ቃል በቃል ጻፍኩ፤ «ነገም አደርገዋለሁ» የሚለውንም ጭምር። ጽፌ አነበብኩላቸው። ማንም አልተቃወመም፤ ፈረሙ።

የመጨረሻ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣትና መጋዘን ቀረች። ጋሽ ኪዳነማርያም «እድሜያቸው ከግምት ገብቶ» በቃል ተገሠጹ፤ «እድሜዬን ምን አገባው?» ብለው ተቆጡ። ኔትወርኩን ማንም አልመለሰውም። በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ያልፋል፣ ሁሉም ይሠራል፣ ሀዋኒ መጽሐፍ ትመዘግባለች። ስምንት ወር እንዲህ ሆነ። ለምን ትታው እንደማትሄድ ጠየቅኳት፤ ጎባ ውስጥ ሥራ የሚሰጣት ሰው ነበር።

«እነሱ ናቸው የተሳሳቱት፤ ለምን እኔ እሄዳለሁ?» አለችኝ።

በስምንተኛው ወር ኮሌጁ ጎሮ ላይ ቅርንጫፍ ሊከፍት ሆነ። ከሮቤ ጋር የሚያገናኘውን መስመር የሚዘረጋ ወንዶሰን የሚባል ወጣት ኢንጂነር ከአዲስ አበባ በኮንትራት መጣ። ሰርቨር ክፍል ገባ፣ ባለ ቀለሙን ፕላስተር አየ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካርታ አንድ ሰዓት ያህል ሲያጠና ቆየ።

«ይህን የሠራው ማነው?» አለ ለአቶ አያሌው።

«አንዲት ሠራተኛ ነበረች።»

«ነበረች? ሞተች እንዴ?»

«ቤተ መጻሕፍት ናት።»

ወንዶሰን ያለ እሷ አንድ ኬብል እንደማይነካ ተናገረ። አብሬ የምሠራው ሰው ስጡኝ አለ። ዶክተር ኢዶሳ ሀዋኒን አስጠሩ። ወደ ቦታሽ ተመለሺ አሏት። እሷም ሁለት ነገር ጠየቀች። መደቧ «የኔትወርክ አስተዳዳሪ» ተብሎ እንዲስተካከል፤ ደግሞም ከዲን እስከ ጥበቃ ማንም ሰው ሳያስመዘግብ ኔትወርኩ ላይ ምንም ነገር እንዳይሰካ መመሪያ ወጥቶ በራሳቸው እጅ እንዲፈረም። ዲኑ ብዙ አሰቡና ሁለቱንም ፈረሙ። ሲሸኟት ማስጠንቀቂያውን ከፋይሏ ሊያወጡላት እንደሚችሉ፣ የማንሻ ማመልከቻ ብቻ እንድትጽፍ ነገሯት።

«ይቀመጥ፣ ዶክተር» አለች። «ምን እንዳደረግሁ የተጻፈበት ብቸኛው ወረቀት እሱ ነው።»

ባለፈው ወር ለቅርንጫፉ ተማሪዎች ምዝገባ ወደ ጎሮ ሄጄ አገኘኋት። የገበያ ቀን ነበር፤ በግቢው አጥር በኩል ሰው በሬውንና ፍየሉን እየነዳ ያልፋል። ሀዋኒ ጭቃ በጭቃ ሆና ከግንበኛው ጋር ትከራከራለች። በሁለቱ ሕንፃዎች መካከል ለኬብል የሚቀበር ቧንቧ ነበር። ፕላኑ ላይ ያለው አንድ ቧንቧ ነው፤ እሷ ሦስት ይቀበር አለች።

«አንዱ ለኬብሉ ነው» አለ ግንበኛው። «ሁለቱ ባዶ ቧንቧዎች ለምንድን ናቸው?»

«አላውቅም።»

«የማታውቂውን ነገር ልቅበርልሽ?»

«ሮቤ ስንጀምር ሃያ አራት ኮምፒውተር ነበር። ስድስት መቶ ይሆናል ያለን ሰው አልነበረም። እዚህም የሚመጣውን አላውቅም፤ መምጣቱን ግን አውቃለሁ።»

ግንበኛው ወደ ወንዶሰን አየ። ወንዶሰን እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ፣ «እሷን ነው የምትሰማው» አለው። ሰውዬው አጉረመረመ፣ ዶማውን አነሳ፣ ቦዩን አንድ ክንድ ያህል ማስፋት ጀመረ። ሀዋኒ ቆማ ጥልቀቱን በሜትር ለካች። አልበቃትም፤ ገና ቆፍር አለችው።